ከሐኪሞች ቦርድ ወረቀት በፊት አይፈረምም፦ ፋብሪካ ውስጥ ጣቱን ላጣ ሠራተኛ ካሳው እንዴት ይሰላል?

ጥያቄው፦ «ወንድሜ 26 ዓመቱ ነው። ኮምቦልቻ አንድ የብረታ ብረት ፋብሪካ ውስጥ ላሜራ በሚቆርጥ ፕሬስ ላይ ነበር የሚሠራው። ጥር መጀመሪያ ላይ ማሽኑ የቀኝ እጁን ሁለት ጣቶች ቆረጠበት። ደመወዙ በወረቀት 7,200 ብር ነው። ከኦቨርታይም ጋር ግን ወደ 10,000 ይደርስ ነበር። የጥር፣ የየካቲትና የመጋቢትን ከፈሉት። የሚያዝያና የግንቦትን አልከፈሉም። ለመድኃኒትና ለፋሻ 3,900 ብር ከኪሳችን አውጥተናል፤ ደረሰኙ አለ። አሁን ‹15,000 ብር እንሰጥሃለን፣ ከእንግዲህ ምንም ጥያቄ የለኝም ብለህ ፈርም› እያሉት ነው። ጓንት ስላላደረግክ ጥፋቱ ያንተ ነውም ይሉታል። ይፈርም ወይ? ትክክለኛው ካሳስ ስንት ነው?» (ከደሴ፣ እህቱ)

እህቴ፣ ለወንድምዎ ፈጣሪ ምሕረቱን ያምጣለት። ዋናውን መልስ አስቀድሜ ልንገርዎት፤ አይፈርም። ለምን እንደምል በሂሳብ ላሳይዎት።

በአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት፣ በሥራ ላይ ተጎድቶ ለጊዜው መሥራት ያልቻለ ሠራተኛ እስከ አንድ ዓመት ድረስ በየወሩ ይከፈለዋል። የመጀመሪያዎቹን 3 ወራት ሙሉ ደመወዙን ያገኛል። ቀጥሎ ባሉት 3 ወራት ከ75 በመቶ ያላነሰ፣ በቀሩት 6 ወራት ደግሞ ከ50 በመቶ ያላነሰ ይከፈለዋል። ፋብሪካው የመጀመሪያዎቹን ሦስት ወራት በትክክል ከፍሏል። ሚያዝያና ግንቦት ግን 75 በመቶው ውስጥ የሚወድቁ ወራት ናቸው። የ7,200 ብር 75 በመቶ 5,400 ነው። የሁለቱ ወር 10,800 ይሆናል። ይህ ገንዘብ ገና ካሳ አይደለም፤ ያልተከፈለ ዕዳ ነው።

በዚህ ላይ የህክምናውን ጨምሩበት። በሥራ ላይ ለደረሰ ጉዳት የህክምና፣ የቀዶ ጥገና፣ የሆስፒታልና የመድኃኒት ወጪ አሠሪው ላይ ነው። ሰው ሠራሽ አካል ካስፈለገም እንደዚያው። ስለዚህ 3,900 ብሩ ይመለስላችኋል። 10,800 ሲደመር 3,900፣ 14,700 ብር ነው።

ከቀረበላችሁ 15,000 ላይ ይህን ቀንሱ። 300 ብር ይቀራል። ለሁለት ጣቶቹ የቀረበለት ካሳ 300 ብር ነው ማለት ነው። ወንድምዎ አምስት ወር ሙሉ ተቸግሮ እንደቆየ አውቃለሁ። ለተቸገረ ሰው 15,000 ብር በጥሬው ሲቀርብለት ብዙ መስሎ ይታየዋል። ወረቀቱንም ከገንዘቡ ጋር አብረው የሚያቀርቡት ለዚህ ነው።

አሁን ወደ ካሳው እንምጣ። የካሳው መጠን የሚቆመው በሦስት ነገሮች ላይ ነው። አንደኛው ደመወዙ ነው። ሁለተኛው የጉዳቱ መጠን በመቶኛ ነው። ሦስተኛው የጡረታ ሽፋን ያለው መሆን አለመሆኑ ነው። ሁለተኛውን እስካላወቃችሁ ድረስ እኔም ሆንኩ ፋብሪካው ወይም የሠፈር አዋቂ «ይህን ያህል ነው» ብለን ልንነግራችሁ አንችልም። መቶኛውን የሚወስነው የሐኪሞች ቦርድ ነው። ቦርዱም የሚሠራው በተዘጋጀ የጉዳት መመዘኛ ሠንጠረዥ ነው። ከቦርዱ ወረቀት በፊት የሚደረግ ድርድር ሁሉ በጭፍን የሚደረግ ነው።

ስሌቱን ግን አሁኑኑ ልታውቁት ትችላላችሁ። አዋጁ እንዲህ ይላል፦ ጉዳቱ ዘላቂና ሙሉ ከሆነ ካሳው የሠራተኛው የዓመት ደመወዝ በአምስት ተባዝቶ ነው። ዘላቂ ሆኖ ከፊል ከሆነ፣ ከዚያ ላይ የጉዳቱ መቶኛ ይወሰዳል። በወንድምዎ ደመወዝ እንሥራው። 7,200 በ12 ሲባዛ 86,400 ነው። በ5 ሲባዛ 432,000 ብር ይሆናል። ቦርዱ ለምሳሌ 12 በመቶ ቢል 51,840 ብር ነው። 20 በመቶ ቢል 86,400 ብር። ቁጥሮቹን ለምሳሌ ያህል ነው የወሰድኳቸው፤ የእሱ ስንት እንደሚሆን ቦርዱ ነው የሚናገረው። በቃል ለመያዝ የሚቀል መንገድም አለ። አምስት ዓመት 60 ወር ነው። ስለዚህ እያንዳንዱ 10 በመቶ የ6 ወር ደመወዝ ነው። ይህን ካወቃችሁ ወረቀቱ እጃችሁ በገባ ደቂቃ ካሳውን እዚያው በስልካችሁ ታሰሉታላችሁ።

«ኦቨርታይሙስ?» ይሉኝ ይሆናል። በዚህ ላይ ብዙ ሰው ቅር ይለዋል። አዋጁ ደመወዝ የሚለው መደበኛውን ክፍያ ነው። የትርፍ ሰዓት፣ የውሎ አበል፣ የትራንስፖርት አበል፣ ቦነስና የመሳሰሉት አይገቡበትም። ስለዚህ ስሌቱ ከ7,200 ነው የሚነሳው። ኦቨርታይሙ በሌላ መንገድ ሊነሳ የሚችልበት ሁኔታ አለ፤ ዝቅ ብዬ እመጣበታለሁ።

ሦስተኛው ነጥብ ብዙ ቤተሰብን ግራ የሚያጋባው ነው። ይህ የአምስት ዓመት ስሌት በቀጥታ ከአሠሪው የሚጠየቀው ሠራተኛው የጡረታ ሽፋን ከሌለው ነው። ሽፋን ካለው ዘላቂ ጉዳቱን የሚከፍለው የግል ድርጅቶች ሠራተኞች ማኅበራዊ ዋስትና አስተዳደር፣ ሰዉ በአጭሩ «ጡረታ» የሚለው መሥሪያ ቤት ነው። ስሌቱም ሌላ ነው። በግል ድርጅት ሠራተኞች የጡረታ ሕግ (አሁን በሥራ ላይ ያለው አዋጅ ቁጥር 1268/2014 ነው) ጉዳቱ ከ10 በመቶ ያላነሰ መሆን አለበት። ሠራተኛው ሥራ መሥራት የሚችል ከሆነ አንድ ጊዜ የሚከፈል የጉዳት ዳረጎት ያገኛል። የደመወዙ 47 በመቶ በ60 ወር ይባዛል፣ ከዚያ በጉዳቱ መቶኛ። በወንድምዎ ደመወዝ 47 በመቶው 3,384 ብር ነው። በ60 ሲባዛ 203,040። ጉዳቱ 20 በመቶ ከሆነ 40,608 ብር ይደርሰዋል። ጨርሶ መሥራት የማይችል ቢሆን ኖሮ ደግሞ ያ 3,384 ብር በየወሩ ዕድሜ ልኩን የሚከፈል የጉዳት ጡረታ አበል ይሆን ነበር።

ልዩነቱን አያችሁት። ለአንድ ዓይነት ጉዳት በአንዱ መንገድ 86,400፣ በሌላው 40,608። ፍትሐዊ ነው ብዬ አላምንም። መዋጮ በየወሩ ሲከፍል የኖረ ሠራተኛ ካልከፈለው ያነሰ ማግኘቱ ሁልጊዜ ይከነክነኛል። ግን ሕጉን እንዳለ ነው የምነግርዎት።

ታዲያ ሽፋን እንዳለው በምን ታውቃላችሁ? ፔሮሉን ወይም የደመወዝ ስሊፑን ተመልከቱ። የሠራተኛው መዋጮ 7 በመቶ ነው፤ አሠሪው 11 በመቶ ይጨምራል። ከ7,200 ላይ 7 በመቶ 504 ብር ነው። በየወሩ 504 ብር ይቆረጥበት ከነበረ ተመዝግቧል ተብሎ ይገመታል። የጡረታ መለያ ቁጥሩን ጠይቁ፤ መዋጮው በእርግጥ ገቢ መደረጉንም ከጡረታው መሥሪያ ቤት አረጋግጡ። ቆርጦ ገቢ ማድረግ የአሠሪው ግዴታ ነው። ስሊፑ ላይ ምንም ካልተቆረጠ የአምስት ዓመቱን ስሌት ይዛችሁ ወደ አሠሪው ሂዱ።

እዚህ ላይ ሳትጠይቁ እንዳታልፉ የምለው አንድ ነገር አለ። ፋብሪካው ከሠራተኛ ማኅበሩ ጋር የተፈራረመው የኅብረት ስምምነት አለው ወይ? ለሠራተኞቹ የገባው የአደጋ ኢንሹራንስስ? ኮምቦልቻ ውስጥ የሠራተኛ ማኅበር ያላቸው ፋብሪካዎች አሉ። የኅብረት ስምምነቱ ከአዋጁ የተሻለ ከፍሎ ከሆነ የሚሠራው የተሻለው ነው። የማኅበሩን ሊቀመንበር ፈልጋችሁ የስምምነቱን ኮፒ ተቀበሉ። ይህ ወረቀት አንዳንዴ ነገሩን ሁሉ ይቀይረዋል።

አሁን ወደ ጓንቱ። ይህ ክርክር አደጋ በደረሰ ቁጥር ይነሳል። ሠራተኛውን ግን ሊያስፈራው አይገባም። የአዋጁ አንቀጽ 96 አሠሪው ጥፋት ባይኖርበትም እንኳ በሥራ ላይ ለሚደርስ ጉዳት ተጠያቂ ነው ይላል። የሚያመልጠው ሠራተኛው ሆን ብሎ በራሱ ላይ ጉዳት ካደረሰ ነው። ለዚህ የሚጠቀሱት አሠሪው አስቀድሞ በግልጽ የሰጠውን የደህንነት መመሪያ መጣስና ሰክሮ ሥራ ላይ መገኘት ናቸው። ስለዚህ ፋብሪካው «ጓንት አላደረገም» ማለቱ ብቻውን አይበቃውም። መመሪያው ተጽፎ ነበር? ለወንድምዎ ተነግሮታል፣ ፈርሞስ ተቀብሏል? ጓንቱስ ተሰጥቶት ነበር? በመዝገብ ላይ የተረከበበት ፊርማ አለ? እነዚህን ማሳየት ያለበት ፋብሪካው ነው።

ከሕጉ ውጪም ስለ ማሽኑ አንድ ነገር ልበል። ጓንት ከላሜራ ስለት ይከላከላል። የፕሬስን ምት ግን አያቆምም። እንዲያውም በሚሽከረከር ማሽን ላይ ጓንት እጅን ይዞ ስለሚገባ ባይደረግ ይመረጣል። ፕሬስ ላይ ጣት የሚያድነው ጋርዱ ነው፤ ማለትም ቢላዋው በሚወርድበት ቦታ ፊት የሚታሰረው መከለያ። ሌላው መከላከያ የሁለት እጅ ቁልፍ ነው። ሁለቱም እጆች ቁልፍ ላይ ካልሆኑ ማሽኑ አይመታም፤ ስለዚህ እጅ ቢላዋው ሥር ሊገኝ አይችልም። በእግር ፔዳል የሚሠራና ጋርዱ የተነሳ ፕሬስ ግን ሠራተኛው ለቅጽበት ከተዘናጋ እጁ ላይ ይወርዳል። ሺፍቱ ሊያልቅ ሲል፣ ድካም ሲበረታ፣ ፎርማኑ «ፍጠን» ሲል ማንም ይዘናጋል።

ይህን ያነሳሁት ስለ አንድ ነገር ስላልነገሩኝ ነው። ጋርዱ በቦታው ነበር? ማሽኑ የሚሠራው በፔዳል ነው ወይስ በቁልፍ? ማን ነው ጋርዱን ያነሳው? ሥራ ለማፋጠን ተብሎ በአለቃ ትእዛዝ ተነስቶ ከሆነ ነገሩ ከካሳ ስሌቱ ያልፋል። አንቀጽ 96 ጉዳቱ በአሠሪው ጥፋት የደረሰ ከሆነ ሠራተኛው በሌላ ሕግ ተጨማሪ ኪሳራ መጠየቅ እንደሚችል በግልጽ ይናገራል። ያ ሌላ ሕግ የ1952 የፍትሐ ብሔር ሕግ ነው። እዚያ ላይ የሚጠየቀው በእርግጥ የደረሰው ጉዳት ነው። የቀረ ገቢ፣ ወደፊት የሚቀር ገቢ፣ ወጪ። በልክ ማስላት ሲያቅት ፍርድ ቤቱ በርትዕ፣ ማለትም ሚዛናዊ ነው ባለው መጠን ይገምታል። ቅድም ያቆየሁት ኦቨርታይምም ሊነሳ የሚችለው እዚህ ነው። በየወሩ በቋሚነት ያገኘው እንደነበረ በፔሮል ከታየ የቀረ ገቢ ተብሎ መከራከሪያ ይሆናል። ለኅሊና ጉዳት ግን ብዙ አትጠብቁ። ሕጉ ላይ የተጻፈው ጣሪያ 1,000 ብር ነው። በዚያ ዘመን ትልቅ ገንዘብ ነበር፤ ዛሬ ግን ብዙ አይገዛም።

ይህ ሁለተኛው ክስ ከባድ ነው። ጥፋቱን ማስረዳት የሚጠበቀው ከእናንተ ነው። ያለ ጠበቃ እንድትገቡበት አልመክርም። ማስረጃው ግን የሚጠፋው አሁን ስለሆነ አሁኑኑ ያዙት። ጋርዱ ነገ ተመልሶ ሊታሰር ይችላል። በዚያ ሺፍት አብረውት የነበሩ ልጆች ሥራ ሊለቁ ይችላሉ። ስማቸውንና ስልካቸውን ጻፉ። የማሽኑ ፎቶ ያለው የሥራ ባልደረባ ካለ ከእሱ ውሰዱ። የከተማው የሥራና ሥልጠና መሥሪያ ቤት የሥራ ሁኔታ ተቆጣጣሪዎች አሉት። አደጋውን ማሳወቅ የፋብሪካው ግዴታ ነበር። ካላሳወቀ እናንተ በጽሑፍ አመልክቱ። ተቆጣጣሪው ማሽኑን አይቶ የሚጽፈው ሪፖርት ከሦስት ምስክር ይበልጣል።

ስለ ቦርዱ ደግሞ አካሄዱን ልንገርዎት። ለኮምቦልቻ ሰው ደሴ ሆስፒታል ቅርብ ነው። ዝም ብሎ ሄዶ «መርምሩኝ» ማለት አይበቃም፤ የሚያስፈልገው የተጻፈ ደብዳቤ ነው። ወንድምዎ ለፋብሪካው የሰው ኃይል ክፍል «የጉዳቴ መጠን በህክምና ቦርድ እንዲወሰን ወደ ሆስፒታል ደብዳቤ ይጻፍልኝ» ብሎ ማመልከቻ ያስገባ። በሁለት ኮፒ ይሁን፤ አንዱ ላይ «ተቀብለናል» ተብሎ ቀንና ፊርማ ይረፍበት። መዝገብ ቤት አልቀበልም ካለ በሪኮመንዴ ፖስታ ይላክ። ፋብሪካው ደብዳቤውን ካልጻፈ ፍርድ ቤት ክስ ሲቀርብ ሆስፒታሉ መርምሮ እንዲልክ ሊታዘዝ ይችላል።

ቦርድ ፊት ሲቀርብ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ያለውን የህክምና ወረቀት ሁሉ ይያዝ። ራጅ፣ የቀዶ ጥገና ማጠቃለያ፣ የሐኪም እረፍት። ሲጠይቁት «ደህና ነኝ» አይበል። እኛ ሰዎች «እንዴት ነህ» ስንባል አመስጋኞች ነን፤ ቦርድ ፊት ግን እውነቱን ነው መናገር ያለበት። ብዕር መጨበጥ ያቅተዋል? ሸሚዙን መቆለፍስ? ብርድ ሲሆን የተቆረጠው ቦታ ያመዋል? የቀሩት ጣቶች ይታጠፋሉ? እነዚህን አስቀድማችሁ ቤት ውስጥ ጽፋችሁ ይያዝ። ቁስሉ ሳይድን መቸኮልም ጥሩ አይደለም። ቦርዱ በተቻለ መጠን አደጋው ከደረሰ በ12 ወር ውስጥ መጠኑን እንዲወስን ይጠበቃል፤ ጊዜ አላችሁ። ከተወሰነ በኋላ ጉዳቱ ቢባባስ ወይም ምርመራው ስህተት ቢኖርበት እንደገና እንዲታይ መጠየቅ ይቻላል። ሌላም ልጨምር፤ መሥራት ባያሳጣም ከባድ የአካል ወይም የመልክ መበላሸት ያስከተለ ጉዳት ለካሳው ሲባል እንደ ዘላቂ ከፊል ጉዳት ይቆጠራል። ስለዚህ «በግራ እጁ ይሠራል» የሚል መልስ ካሳውን አያስቀርም።

ጊዜው ላይ እንዳትዘናጉ። ደመወዝና መሰል ክፍያዎች መከፈል ከነበረባቸው ቀን ጀምሮ በ6 ወር ይታገዳሉ። ለሌላው ከሥራ ግንኙነት ለሚመነጭ ጥያቄ ይርጋው፣ ማለትም ክስ የማቅረቢያው የጊዜ ገደብ፣ በመደበኛው 1 ዓመት ነው። ከዚህ ተነስቼ የምመክራችሁ የሚያዝያውንና የግንቦቱን ክፍያ መስከረም ሳያልቅ በክስ እንድትጠይቁ፣ ዋናውንም የካሳ ክስ የፊታችን ጥር ሳይደርስ እንድታስገቡ ነው። «እናየዋለን»፣ «አለቃው ከአዲስ አበባ ሲመለስ» የሚል የቃል ተስፋ ይርጋ አያቆምም። በጽሑፍ «አለብን» ብለው ካመኑ ያቆማል። ለፍርድ ቤት ወይም ለሚመለከተው የመንግሥት አካል የቀረበ አቤቱታም ያቆማል። የሠራተኛ ክስ የዳኝነት ክፍያ የለበትም። ኮምቦልቻ የወረዳ ፍርድ ቤት የሥራ ክርክር ችሎት ላይ ማቅረብ ትችላላችሁ።

ገንዘቡን መውሰዱን በተመለከተ፣ ችግሩ ከበረታ ይውሰድ። ገንዘብ መቀበል አይጎዳውም፤ የሚጎዳው ከሥሩ የተጻፈው ነው። «15,000 ብር ተቀብያለሁ። ይህ ገና ላልተከፈለኝ ደመወዝና ለህክምና ወጪ የሚታሰብ ሲሆን የካሳ መብቴ እንደተጠበቀ ነው» ብሎ ጽፎ ይፈርም። ፋብሪካው በዚህ ቃል አልቀበልም ካለ ምን እንደፈለገ ያን ጊዜ ግልጽ ይሆንላችኋል። የሥራ መልቀቂያም እንዳይጽፍ። ለመሥራት አልቻልክም ተብሎ በቦርድ ማስረጃ ቢሰናበት የስንብት ክፍያ የሚታይበት መንገድ አለ፤ በገዛ ፈቃዱ ከለቀቀ ግን ይህን በር ራሱ ይዘጋዋል። ካሳው ሲከፈልም ግብር አይቆረጥበትም። «ብድር ነበረብህ» ብለው ሊያቻችሉበትም አይችሉም።

ከደሴ ኮምቦልቻ በሰርቪስ ለምትመላለሱ ሌሎች አንባቢዎችም አንድ ነገር። ፋብሪካው ለሠራተኞቹ ባቀረበው ወይም በተከራየው መኪና መንገድ ላይ፣ ሐረጎ ዳገት ላይ አደጋ ቢደርስ የሥራ ላይ አደጋ ነው፤ ማሽን ላይ ከደረሰው እኩል ይቆጠራል። በራሳችሁ በተሳፈራችሁበት ሚኒባስ ከሆነ ግን በዚህ አይሸፈንም። ሰርቪስ ላይ የሚሳፈር ሰው ስም ዝርዝር እንዲያዝ ማኅበራችሁን ጠይቁ።

እህቴ፣ ለዚህ ሳምንት ሥራችሁ ሁለት ነው። የቦርድ ደብዳቤውን ማመልከቻ አስገቡ፣ የመጨረሻ ሦስት ወር የደመወዝ ስሊፑንም አውጡ። ስሊፑ ላይ 504 ብር መቆረጥ አለመቆረጡን ጻፉልኝ፤ ክሱ በማን ላይ እንደሚቀርብ የምነግራችሁ ከዚያ በኋላ ነው።